የአቶ ቨርሊን አራት እርምጃ

ሙሉ ስማቸው ቨርሊን ኦገስት ቲድማን፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ ሦስት ዓመት ነው። ከአምስት መቶ ሰው በላይ የሚኖርበት የእርሻ ከተማ ሁሉ አንድ ከንቲባ፣ አንድ የእሳት አደጋ መኪናና አንድ ቨርሊን አለው። ከንቲባው በምርጫ ይወርዳል፤ መኪናው ዝጎ ይወገዳል፤ ቨርሊንን ከሥልጣን የሚያወርድ ሕግ ግን እስካሁን በየትኛውም ምክር ቤት አልወጣም።

የእኛው ቨርሊን በአሜሪካ፣ በኔብራስካ ያለችው የኦስትራንድ ከተማ ሰው ናቸው። ስድሳ ዓመት በቆሎ ዘርተዋል፤ ዋና ሥራቸው ግን ማወቅ ነው። ማን ከማን ሊጋባ ፈልጎ ማንን እንዳገባ፣ የትኛው ማሳ በየትኛው ክረምት በበረዶ እንደተመታ፣ ባቡር ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማችን የቆመ ዕለት ዝናብ ይጥል እንደነበረ ያውቃሉ። ተከራካሪ ሲገጥማቸው ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ "እኔ ካላወቅሁት አልተደረገም" ይላሉ። ክርክሩ በዚያው ይዘጋል።

መንገድ የሚጠይቃቸው እንግዳ ግን ይታዘንለታል። ክቡርነታቸው ሰውን በዓይን በሚታይ ነገር አይመሩም። "የሊንድግሬን ጎተራ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ፤ የወተት ፋብሪካውን እለፍ፤ ትልቁ ዛፍ ሥር ስትደርስ ቁም" ይሉታል። ጎተራውን አውሎ ነፋስ ከወሰደው ስድሳ ዓመት ሆኖታል። ፋብሪካው ፈርሷል። ዛፉ ተገንድሶ የቤተ ክርስቲያን ወንበር ሆኗል። ባለፈው ዓመት ዘር የጫነ አንድ ሾፌር ከተማዋን ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ላብ አጥምቆት ተመልሶ መጣ።

"አባባ፣ እርስዎ ያሉት ጎተራ እኮ የለም።"

"ጎተራውማ የለም። ቦታው የት ይሄዳል? ቦታውን አትፈልግም ነበር?"

ሾፌሩ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ "ሽማግሌው ጤነኛ ናቸው?" አለኝ።

"ከሁላችንም ይልቅ ጤነኛ ናቸው" አልሁት፤ "ችግራችንም እሱ ነው።"

ጠላትነታቸውም ከታሪክ የተቀዳ ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የጎረቤታችን የሃርገር ሰዎች፣ የእኛዎቹ አጨዳ ላይ ሳሉ፣ በሦስት ጋሪ መጥተው የአውራጃውን መዝገብ ከነመደርደሪያው ጭነው ሄዱ፤ የአውራጃው መቀመጫም እዚያው ሃርገር ሆኖ ቀረ። አቶ ቨርሊን እስከ ዛሬ ከሃርገር አንዲት ምስማር ገዝተው አያውቁም። ሃርገር ያለችው ዘጠኝ ማይል ላይ ነው፤ እሳቸው ለትራክተር ጎማ አርባ ማይል ይነዳሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ የሰረቁን ሰዎች እኮ ሞተዋል" ይሏቸዋል ባለቤታቸው ወይዘሮ አርዲዝ።

"ልጆቻቸው ጎማ ይሸጣሉ" ይላሉ እሳቸው።

ለሞተም አይመለሱም። በአንድ ቀብር ላይ ፓስተሩ፣ ሟቹ በታላቁ የበረዶ ማዕበል ዓመት ተወለደ ብለው ንግግራቸውን ሲጀምሩ፣ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ እጅ ተነሣ። "ከማዕበሉ በኋላ በሁለተኛው ዓመት" አሉ አቶ ቨርሊን። ፓስተሩ ወረቀታቸውን አገላበጡ። ባሏ የሞተባት ሴት መሐረቧን ከዓይኗ አንሥታ፣ "እሱ ያለው ነው ልክ፤ ይቀጥሉ" አለች።

ነገሩ ሁሉ በዚህ ዓይነት ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ባለፈው መስከረም ማርሊስ ኮፔትስኪ ባትመጣ። ማርሊስ ስድሳ ያለፋት ሴት ናት፤ ከኦሪገን ሦስት ቀን ነድታ መጣች። በፒካፗ መጫኛ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የመቃብር ድንጋይ፣ ከጎኗ ደግሞ የዘጠና አንድ ዓመት እናቷ ሊቡሼ ነበሩ። የሊቡሼ አያት ቦዤና በኅዳር በሽታ ዘመን ሞተው፣ ከተማችን ውስጥ በድሆች ረድፍ ተቀብረዋል። የእንጨት መስቀላቸውን የሣር እሳት፣ የቀብር መዝገቡን የቤተ ክርስቲያኑ ቃጠሎ በልቶታል። አሮጊቷ ከመሞታቸው በፊት የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ አያታቸው ያረፉበትን መሬት በእጃቸው መንካት።

የከተማው ሰው ሁሉ ወደ አቶ ቨርሊን መራቸው። የመቃብር ቦታውን ሣር የሚያጭዱት እሳቸው ናቸው፤ አባታቸውም በጊዜያቸው የከተማዋ መቃብር ቆፋሪ ነበሩ።

"ቦታውን ያውቁታል?" አለች ማርሊስ።

"እኔ ካላወቅሁት . . ." ብለው ጀመሩና፣ መኪናው ውስጥ የተቀመጡትን አሮጊት ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ። "የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ረድፉን አንድ በአንድ አሳይቶኛል። ቦዤና ከምሥራቁ አጥር አሥራ አራት እርምጃ ላይ ናቸው።"

ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆጠሩ። በአሥራ አራተኛው ላይ ተረከዛቸውን ተከሉ። ድንጋዩን አራት ሆነን አቆምነው። ሊቡሼ ተንበርክከው መዳፋቸውን ሣሩ ላይ አሳረፉና በአያታቸው ቋንቋ ብዙ አወሩ፤ መሃል ላይ ሳቁም። ሲነሡ አንድ እፍኝ አፈር በማርማላታ ብልቃጥ ሞልተው ያዙ።

"አሁን መሞት ይቻላል" አሉን፤ "ግን አልቸኩልም።"

በቆሎው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ በኅዳር አንድ ጧት፣ በገበሬዎች ማኅበር የእህል ጎተራ ቢሮ ውስጥ የዘወትር ጠረጴዛችንን ከበን ተቀምጠን ነበር። በወጣትነታቸው መንገድ ሥራ ላይ የነበሩት የዘጠና ዓመቱ አቶ ኤልዉድ፣ ያኔ መንገዱ ሲሰፋ ስለነበረው ሥራ ያወጉናል።

"የመቃብሩን የምሥራቅ አጥር ወደ ውስጥ የገፋነው እኛ አይደለን" አሉ። "አሥራ ሁለት ጫማ ሙሉ። ቨርሊን፣ አንተ አይደለህ እንዴ ምስማር ስታቀብለኝ የነበርከው? አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር። ጣትህን ቀጥቅጠህ ስትነፋረቅ እናትህ መጥታ ወሰደችህ።"

አቶ ቨርሊን ኩባያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

"ምን ዘጋህ? 'አልተደረገም' በለኛ" አሉ ኤልዉድ እየሳቁ።

"ተደርጓል" አሉ አቶ ቨርሊን፤ ኮፍያቸውን አንሥተውም ወጡ።

ስሌቱ የሦስተኛ ክፍል ስሌት ነው፤ አሥራ ሁለት ጫማ ማለት አራት እርምጃ ነው። አባት የቆጠሩት ከአሮጌው አጥር ነበር፤ ልጅ የቆጠሩት ከአዲሱ። ዕድሜ ልካቸውን በሌለ ነገር ሰው ሲመሩ የኖሩት ሰው፣ አንድ ቀን ቆሞ የሚታይ ነገር ቢያምኑ ሳቱ። ቦዤና ያረፉት ከድንጋዩ አራት እርምጃ ወደ መንገዱ ነው። በድንጋዩ ሥር የተኛው፣ በአቶ ቨርሊን በራሳቸው ቃል፣ የመውቂያ መኪና የገደለው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ስሙን በጊዜው የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ሰው ላይ የተዘገነው አፈር ዛሬ ኦሪገን ነው ያለው።

በዚያው ሳምንት ለማርሊስ ደብዳቤ ጻፉ። በሁለት ገጽ፣ አንድ ስርዝ ድልዝ ሳይኖርበት፣ ጥፋታቸውን ከእነ ጫማው ልኬት አስፍረው አሸጉት። ከመላካቸው በፊት ግን ከማርሊስ የገና ካርድ ደረሰ። "እናቴ ብልቃጡን ራስጌዋ አድርጋ ነው የምትተኛው። እንደዚህ ዓመት እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም። በግንቦት ይዣት እመጣለሁ" ይላል። ደብዳቤው ከአቶ ቨርሊን ፒካፕ የጸሐይ መከለያ ሥር ተሸጉጦ ክረምቱን ከረመ።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ መቃብሩ ጎራ ብል፣ አቶ ቨርሊን ሁለት እቅፍ አበባ ይዘው አገኘኋቸው። አንዱን ድንጋዩ ሥር፣ ሁለተኛውን አራት እርምጃ አልፈው ባዶ ሣር ላይ አስቀመጡ። ሣሩ በሁለቱም ቦታ እኩል ተስተካክሎ ታጭዷል።

"አንተ አርባ ዓመት አስተማሪ ሆነህ የሰው ልጅ ስሕተት በቀይ ቀለም ስታርም ኖረሃል" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "እስቲ ፍረድ። ልላከው ወይስ ልተወው?"

"እርስዎስ ምን ያስባሉ?"

"አላውቅም።"

ይህችን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ተመኝቻለሁ። በየክርክሩ፣ በየስብሰባው፣ በየቀብሩ ጠብቄያታለሁ። በመጣች ጊዜ ግን ቶሎ ብዬ ወደ መጣችበት ልመልሳት ፈለግሁ። "ባቡሩ እዚህ የገባው በአሥራ ስምንት መቶ ሰማንያ ሰባት ነበር አይደል?" አልኋቸው።

"በሰማንያ ስድስት" አሉ። "በሐምሌ። ማክሰኞ ቀን። ስንቴ ልንገርህ?"

በሕይወቴ ስታረም እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ድንጋዩን ማዛወር ቀላል ነው፤ አንድ ትራክተርና ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። በአሮጊቷ ራስጌ ያለውን አፈር የሚያዛውር ትራክተር ግን አልተሠራም። ዝም ካልን ቦዤና ያለ ስም፣ ስም የለሹም ሰው በቦዤና ስም ተኝተው ይቀራሉ፤ ከተናገርን ደግሞ አንዲት የዘጠና አንድ ዓመት ሴት እንቅልፏን ታጣለች። እንግዶቹ ሊደርሱ አሥራ አንድ ቀን ቀርቷቸዋል። እናንተስ፣ አጥሩ አጠገብ ቆማችሁ ሊቡሼ ከመኪናው ሲወርዱ ብታዩ፣ የትኛውን ሣር ታሳዩአቸው ነበር?