የጋሼ ተፈራ ባና

እኔን ለማናደድ አንድ ቁራጭ ካርቶን ይበቃል።

ካልጋሪ፣ ቤልትላይን የሚባለው ሰፈር፣ ከምኖርበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ አንዲት ሱቅ ነበረች። የነዳጅ ዋጋ የወደቀበት ክረምት ነው። ዳውንታውን ካሉት የነዳጅ ኩባንያ ፎቆች ሰው በየቀኑ ከሥራ ይባረራል። ሱቋ ግን አልተዘጋችም። መስኮቷ ላይ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ካርቶኑ። «በእጅ የተሠራ። ቀለም ያልነካው። የዱር ተፈጥሮ የወለደው» ይላል።

የዱር! እኛ አገር ዱር የሚገባው ሰው የገደለ ነው። እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳንድዊች ይዘው ይገቡበታል። ይግቡ፣ ምን ቸገረኝ። ግን ብርድ ልብሱን ማን እንደሠራው አውቃለሁ። ሰውየው ካልጋሪ ከገቡ ጀምሮ ከባቡር መስመሩ ርቀው አያውቁም።

ጋሼ ተፈራ ናቸው። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር የሚኖሩ የመንዝ ሰው። ብርድ ልብሱም ባና ነው፤ መንዝ ብርዱን የሚመክትበት ባና። ሱፉን የሚያመጣላቸው ከከተማ ወጣ ብሎ በግ የሚያረባ ገበሬ ነው። ገበሬው የሚፈልገው ሥጋውን ነው፤ ሱፉን ሊጥለው ነበር። ሸማኔ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ያስፈልገዋል፤ ፎቅ ላይ ደግሞ ጉድጓድ አይቆፈርም። ስለዚህ የአልጋቸውን ርብራብ አውልቀው፣ እግራቸውን በዚያ አሾልከው ይሸምናሉ። የሚተኙት መሬት ላይ ነው።

የሱቋ ባለቤት ሊንዳ ትባላለች። ባናው ላይ ያለውን ነጭ መስመር አየችና በሮኪ ተራሮች ላይ የተኛ በረዶ ታየኝ አለች። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ጋሼ ተፈራን ጠየቅኳቸው። ጥቁሩ ሱፍ መሃል ላይ አልቆባቸው ነው አሉኝ። «ልክ ነሽ ይሉሻል» ብዬ ተረጎምኩላት።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። እዚህ ድረስ ያለው ማሟሻ ነው።

ጋሼ ተፈራ የነዳጅ ኩባንያ ፎቅ ያጸዳሉ። ይህን በሰው ፊት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው ይናገራሉ። ክሊኒንግ ነኝ፣ ናይት ሺፍት፣ ይላሉ ኮራ ብለው። የሰው ሽንት ቤት መፈግፈግ አያሳፍርም። ሽመና ግን ያሳፍራል። በር ሲንኳኳ ሥራው ይቆማል፣ መኝታ ቤቱ ይቆለፋል። አንድ ቀን መወርወሪያው ሲንኳኳ የሰማ እንግዳ ምንድን ነው ቢላቸው፣ ሂተሩ ነው፣ ማኔጀሩ አላሠራ ብሎኝ ነው፣ አሉት።

ለምን? የሸማኔ አጥንቱ ይቆጠራላ! ውቅያኖስ ተሻግረን መጥተናል። ባቡር ውስጥ ከዓለም ሕዝብ ጋር ትከሻ ለትከሻ እንጋፋለን። ስንወርድ የሰው አጥንት እንቆጥራለን። ባናውን ግን ብርድ ልብስ ብላችሁ ሽጡልን፤ እንለብሰዋለን። የሠራውን ሰው ነው የማንፈልገው።

ሊንዳ ታዲያ አንድ ነገር ጠየቀች። ደንበኞቿ ማን ሠራው ይሏታል። ስማቸውንና ፎቷቸውን መስኮቱ ላይ ካደረገች፣ የሚሸምኑትን ሁሉ ትወስዳለች። ይህ ማለት ናይት ሺፍቱ ቀረ ማለት ነው። ጉልበታቸው ደግሞ አልቋል። ነገር ግን በዚያው ሳምንት፣ እሑድ፣ ሰናይትን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ካስልሪጅ ከሚባለው ሰፈር ሊመጡ ነው።

ጋሼ ተፈራ ጠሩኝ።

«ለሊንዳ ያንተን ስም ስጣት» አሉኝ።

«የኔን?»

«አንተ ጸሐፊ ነህ። ከዚህ በላይ ምን ይሉሃል?»

ሊንዳን ሰኞ እነግርሻለሁ አልኳት። እሑድ የሴቷ ወገን ሆኜ ስቀመጥ ገና እየነደድኩ ነበር።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሼ መኮንን ይባላሉ፤ አገር ቤት የወረዳ ጸሐፊ ነበሩ። ሶፋው ላይ የተጣለውን ባና ዳሰሱት፣ ደግመው ዳሰሱት። ፈረንጅ ሥራ ያውቃል አሉ። ጥርሴን ነከስኩ።

«ኖ ጋሼ» አለች ሰናይት ከጓዳ ብቅ ብላ። «ዳዲ ነው የሠራው።»

የጋሼ መኮንን እጅ ምድጃ እንደነካ ሰው እጅ ተነሣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ደግ ነበሩና ገመድ ጣሉ። ሆቢ ነው አይደል፣ አሉ፤ ሆቢ ከሆነ ምን አለበት።

አያችሁ? አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሰባት ቤት አጥንት ልታጥብ ነው። ጋሼ ተፈራ አዎ ቢሉ ነገሩ ያልቃል። ልጃቸውን አዩ።

«ሥራዬ ነው» አሉ። «ሆቢዬስ ክሊኒንግ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተነሡ። መክረን እንመለሳለን ብለው ወጡ። ሰናይት ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። እኔ ስድብ እየመረጥኩ ነበር።

መርጬ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ተመልሰዋል። ምክሩ አልነበረም የመለሳቸው፤ መኪናው ነው። እዚህ አገር በክረምት መኪና እንደ ካውያ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ካልተሰካ ሞተሩ ድንጋይ ይሆናል። እነሱ ደግሞ ለክብራቸው ሲጣደፉ ሳይሰኩት ገብተዋል። ጎታቹ መኪና ቆዩ ብሏቸዋል።

የጋሼ መኮንን ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ጋሼ ተፈራ ባናውን አንሥተው አለበሷቸው። እምቢ አላሉም። እስከ አገጫቸው ተከናነቡ፣ እግራቸውን አጥፈው ከሥሩ ከተቱ። ከዚያ ከባናው ውስጥ ድምፅ ወጣ።

«እንግዲህ… ልጅዎን ለልጃችን።»

በማግስቱ ለሊንዳ ትክክለኛውን ስም ሰጠኋት። ሰናይትም ተዳረች። ሰው ይህን ሲያወራ የጋሼ መኮንን ልብ ተለወጠ ይላል።

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። የሞቀው እግራቸው ነው።