ጥሎ ማለፉና ወንፊቱ

ጎረቤቴ ጳውሎስ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ ሚስቱ ጓዳው በር ላይ፣ ከአረካ የመጣው ወንድሙ መስኮቱ ሥር፣ እኔ ደጃፉ ላይ ወንፊት ይዤ ቆመናል። ወንበር ጠፍቶ ይመስላችኋል? የሶዶ ቡድናችን የጥሎ ማለፉን የመጀመሪያ ጨዋታ ያሸነፈው፣ እነሱ እንዲሁ ቆመው፣ እኔም ከእነሱ የተዋስኩትን ወንፊት ልመልስ እዚሁ ቆሜ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው ያስጠሩኛል፤ ወንፊቱን ግን የሚቀበለኝ የለም። ጳውሎስ እኮ እሁድ እሁድ በገድ የሚያምኑትን የሚገሥጽ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው።

"ይሄ ገድ አይደለም እትዬ፣ ሥርዓት ነው" ይለኛል።

ፍጻሜው በፍጹም ቅጣት ምት ሊለይ ደረሰ። የእኛ የመጨረሻ መቺ ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ሰደዳትና ዋንጫው አመለጠን። ሁሉም ዞረው እኔን አዩ።

"እትዬ፣ ያን የመጀመሪያ ቀን ወንፊቱን የያዙት በግራ እጅዎ ነበር" አለ ጳውሎስ።

ወንፊቱን አስታቀፍኩትና ወጣሁ።