ፓምፑ አልለብሳትም አለ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሆኜ፣ ሕልም አየሁ።

ከሕልሙ በፊት የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው። የስምንት ዓመቷ እህቴ ውዳሴ ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ልጆች ወገባቸው ላይ የሚያስሩት፣ በቀጭን ቱቦ ኢንሱሊን ቀስ እያለ የሚሰጥ ፓምፕ እንዳለ ማንበቤን ለሐኪሙ ነገርኩት፤ ድምፄ መውጣቱን እንጃ። "እዚህ የለም። መርፌ ነው፤ የምትወጊያትም አንቺ ነሽ" አለኝ። ሲስተር ወይንሸት መርፌውን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ክፍሉ ተገለበጠ።

አልጋዎቹ ላይ የተኙት ሐኪሞች ነበሩ። ልጆች ወለሉን የሚጠርግ ነጭ ጋዋን ለብሰው እየዞሩ ያዩአቸዋል። የእኛ ሐኪም አልጋ ሥር ተደብቆ "እማዬ፣ አልወጋም!" እያለ ያለቅሳል። ብርቱካኖች በፌስታል ጠያቂ ይዘው ገቡ። የአክስቴ ጭንቅላት ከፌስታሉ ብቅ አለ።

"እትዬ ዘርፌ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ለልጅቷ ደም ይሁናት ብለው አመጡኝ" አለች፣ ምንም ሳይመስላት።

በመስኮት ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ አየሁ። ኢንሱሊን በር ላይ እንደ ሎሚ ተከምሮ ይመረጣል። ብስኩት የፈለገ ግን የሐኪም ማዘዣ ይዞ ይሰለፋል።

ስሜ ተጠራና ገባሁ። የሐኪሞች ቦርድ ተሰብስቧል። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸው መሬት የማይነካ ሰባት ልጆች ናቸው፤ ሰብሳቢዋ ውዳሴ ናት። እጅ ነስቼ በአንቱታ ሰላም አልኳት።

"ይቀመጡ፣ ወይዘሪት ትርሲት። ጉዳዩ ፓምፕ ወይስ መርፌ የሚለው ነው።"

ፓምፑ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ቁመቱ ከስልክ አይበልጥም፤ ኩራቱ ግን የትየለሌ ነው። በዚያ አገር ልጅ ማሽን አይለብስም፤ ማሽኑ ነው ልጁን የሚለብሰው።

"በሦስት ቀን አንዴ ቦታ ብትቀይርልኝ ይበቃኛል" አለ። "ግን ገመድ ትዘላለች አሉ። ቱቦዬ ቢነቀልስ? ስኳሯ ሽቅብ ሲወጣ ተጠያቂው እኔ ልሆን ነው! ባትሪዬ ሲያልቅስ? ቱቦ ሲጠፋስ ማን ፈልጎ ያመጣልኛል?"

መርፌው ጥግ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። "እኔ ብዙ አልጠይቅም" አለ። "ሰው ብቻ እፈራለሁ።"

"በቀን ስንቴ ነህ?" አለችው ውዳሴ።

"አራቴ።"

"እስከ መቼ?"

መርፌው ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብሎ ነገራት። ሰባቱም ልጆች ባንድ ጊዜ ዞረው እኔን አዩኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ "ትንሽ ጊዜ ነው፣ ይተውሻል" ስላት ነበር የከረምኩት።

ውዳሴ ማኅተሙን አነሳች። "ተወስኗል! ለልጅቷ መርፌ፣ ለእህቷ ፓምፕ። ኢንሱሊን ሳይሆን ድፍረት ይሞላበትና በየሰዓቱ ጠብ ጠብ ያድርግላት።"

ፓምፑ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

"እሷን? አልለብሳትም" አለ። "አሁን ትወድቃለች።"

ዓይኔን ስገልጥ ወለል ላይ ተዘርግቻለሁ። እግሬ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። የጎረቤት አልጋ አስታማሚ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብልኛለች።

"ውዳሴስ? መርፌዋስ?" አልኩ።

"ምሳዋ ቀርቦ አንቺን ስንት እንጠብቅ?" አለች ሲስተር ወይንሸት። "እጇን ደገፍኩላት፣ ራሷ ወጋች።"

ውዳሴ ቀሚሷን ወደ ታች እየመለሰች ነበር። ዓይኗ እርጥብ አይደለም።

"ትርስዬ፣ ሲስተርን ጠየቅኳት" አለችኝ። "የሚተወኝ አይደለም አለች።"

ሲስተር ወይንሸት ካርዱ ላይ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አወጣች።

"የማታውንስ ማን ይወጋታል?"

"እኔው" አለች ውዳሴ። "ለእሷ ግን የሚይዛት ሰው ይፈለግላት።"