የእማማ ጥሩወርቅ ጎመንና የእኛ ቧንቧ

ቤቱ ንጹህ ውሃ ሲገባለት የማያብድ ሰው አለ? ሰፈሩ ሁሉ ዝምተኛ የሚለኝ እኔ እንኳ ያን ቀን እልል ብያለሁ።

ግሽ አባይ ሰፈር የምንኖርበት የቀበሌ ቤት አሮጌ ነው። ቧንቧው ደግሞ ቤቱን በዕድሜ የሚበልጠው ይመስላል። ሲከፍቱት ያስላል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ሻይ የመሰለ ውሃ ጠብ ጠብ ያደርጋል። የልጄ የሽንት ጨርቅ ነጭ ገብቶ ቡናማ ይወጣል። ምን ላድርግ? እሷን አዝዬ ጣና ዳር ወርጄ አጥባለሁ። ባለቤቴ ቀበሌውን ደጅ ሲጠና ከርሞ በመጨረሻ አዲስ ቱቦ ተፈቀደልን።

ቧንቧ ሠራተኛው አህመድ የጀልባ ሠሪ ልጅ ነው። አሮጌውን ቱቦ ቆፍሮ አወጣና በመጋዝ ቆርጦ አሳየኝ። ውስጡ በዝገት ተደፍኖ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። «ጀልባ ቢሆን ድሮ ሰጥሞ ነበር» አለኝ። በአጥሩ ሥር ያለፈው ቁራጭማ ወንፊት ሆኗል። ለካ ውሃችን ወደ ጎረቤታችን ወደ እማማ ጥሩወርቅ ጓሮ ሲፈስ ኖሯል።

አዲሱ ገባ። ከፈትሁት። ኩልል ያለ ውሃ ዱብ አለ። ጨርቁን አጠብሁ፣ ነጭ ሆነ። የታጠበውንም ደግሜ አጠብሁ። ባለቤቴ ከፋብሪካ ሲመለስ ኮፍያውን ከራሱ ላይ አውልቄ አጠብሁበት።

ደስታዬ ግን ጎረቤት ነካ። እማማ ጥሩወርቅ ሥራ ሲበዛብኝ ልጄን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ጎመናቸው በበጋ እንኳ ይለመልማል፤ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር በአርአያነት ያስጎበኛቸዋል። ቱቦው በተቀየረ ሰሞን ታዲያ ያ ጎመን ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፋ። ከአውራጃ ደግሞ ጎብኚ ሊመጣ ነው።

ዓይን ነው አሉ እማማ። የማን? የእኔ። ዝም ብላ ትኩር የምትል ሴት ትፈራለች ብለው ለሰፈሩ ነገሩ። ልጄን መያዝም ተዉ። የከፋኝ ይኸኛው ነው።

እውነቱን ልነግራቸው ስነሣ ባለቤቴ ያዘኝ። «ያበቀለው የእኛ ቱቦ ነው ልትያቸው? በዓይን በላሁት ብትያቸው ይቀላቸዋል።»

አሰብሁና ወደ አጥሩ ሄድሁ። «እማማ፣ ዓይን ከሆነ ጠበል ያፈርሰዋል። ግን ሥሩ ድረስ መዝለቅ አለበት» አልኋቸው።

«ጠበሉ ያንሳል» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱልኝ።

«በውሃ ይበረክታል። ከእኔ ቧንቧ እቀዳለሁ።»

ከዚያ ጠዋት ማታ እሳቸው ከጠርሙስ ጠብ ያደርጋሉ፣ እኔ ባልዲውን እደፋለሁ። አህመድ ሲያልፍ አየንና ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ጎመኑ ተነሣ። ጎብኚዎቹም መጥተው አጨበጨቡ። ሲወጡ እማማ ልጄን ከጀርባዬ ፈትተው አቀፏት።

«በይ፣ ጠበሉ ዓይንሽን ሰብሮታል። ከእንግዲህ እንደ ልብሽ እዪ» አሉኝ።

እግዜር ይስጥልኝ አልሁና ባዶውን ባልዲ ልሞላ ሄድሁ።