የአማቴ ሸክላ

በዚህ አገር ከጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው ሁሉ ውሸታም ነው! አትቆጡ... መጀመሪያ ስሙኝ። በክረምት ዘመድ ጥየቃ ሄዳችሁ "ቤታችሁ ያፈሳል እንዴ?" ብላችሁ ታውቃላችሁ? "ኧረ በፍጹም!" ይላችኋል ባለቤቱ፣ ባልዲውን በእግሩ ወደ ሶፋው ኋላ እየገፋ። "ጠብ... ጠብ..." የሚል ነገር ሰምታችሁ ዞር ስትሉ ደግሞ "የግድግዳው ሰዓት ነው" ይላችኋል። ግድግዳው ላይ ሰዓት የለም! እኔ በበኩሌ ጣሪያው የማያፈስ ሰው አላውቅም፤ የማውቀው "አያፈስም" የሚል ሰው ነው። እስከዚህ ዓመት ድረስ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

የምንኖረው ሰበታ ነው፣ አማቴ ቤት። (አዎ፣ አማቴ ቤት! ምን ያስቃችኋል? የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ የቀመሰ ሰው በዚህ አይስቅም።) አማቴ እማማ ዘነበች ይባላሉ። ቤቱን ያሠሩት ሟች ባለቤታቸው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆርቆሮ ሲያለብስ እሳቸው "እኔ እንደ ሰው አልሆንም" ብለው ቀይ የሸክላ ጣሪያ አለበሱት። ቀይ ነበረ ነው የሚባለው እንግዲህ... አሁን አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ነፋስ በመጣ ቁጥር አንዱ ሸክላ ተንሸራቶ ግቢ ውስጥ ይፈጠፈጣል። በቀደም ለጥቂት ነው አውራ ዶሯችንን የሳተው። የተሰበረውን ልተካ ብሎ የወጣ ሰው ሁሉ ሌላ ሰብሮ ይወርዳል። ስለዚህ "በቆርቆሮ ይቀየር" ተባለ።

እማማ ዘነበች ነገሩን ብዙ ካሰቡበት በኋላ ፈቀዱ። አፈቃቀዳቸው ግን እንዲህ ነው፦

"ቀይሩት። ነገር ግን አንዲት ጠብታ አልጋዬ ላይ ብትወድቅ፣ ጓዜን ጠቅልዬ ሱሉልታ ግርማ ጋ ነው የምገባው።"

ግርማ የሚስቴ እህት ባል ነው። ሱሉልታ ላይ ከላይ እስከ ታች ኮንክሪት የሆነ ቤት አለው። እሱ ቤት ከተሠራ ጀምሮ የፈሰሰ ነገር ቢኖር ያ ኮንክሪት ብቻ ነው።

አሁን እናንተ "አማት ቢሄዱልህ ምን ቸገረህ? ስለት ግባ እንጂ!" ትሉኝ ይሆናል። ተሳስታችኋል። እማማ ዘነበችን እወዳቸዋለሁ፤ ምን ልደብቃችሁ። ከሚስቴ ከሰናይት ጋር ስንጋጭ ነገሩን ሳያጣሩ ለእኔ የሚፈርዱ ብቸኛ ዳኛ ናቸው። ማታ ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው "መጣህ?" ይሉኛል፣ መምጣቴን በዓይናቸው እያዩ። ያንን "መጣህ?" ካጣሁ ያ ቤት ለእኔ ቤት አይሆንም።

ዕቅዳችን ጥሩ ነበር። ታምራት የሚባል ከወላይታ የመጣ አናጢ ተስማምተናል። ቀለም ቅቡ ቆርቆሮ ቡራዩ ታዟል፤ ሐሙስ ጠዋት ይደርሳል። ሐሙስ ሸክላው ይወርዳል፣ ሐሙስ ቆርቆሮው ይመታል፣ ሐሙስ ማታ እማማ ዘነበች በደረቅ አልጋ ይተኛሉ። ይኸው ነበር! እኔ ግን መች አርፌ እቀመጣለሁ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር... የሚወርደውን ሸክላ የሚገዛ ሰው ልፈልግ ብዬ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ፦ "አሮጌ ሸክላ ለሽያጭ! ብዛት ያለው፣ የጥንት፣ ጥቂቱ ብቻ የተሰነጠቀ። ሰበታ።"

ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

"ሄሎ... የአሮጌው ሸክላ ባለቤት ነህ?"

"ነኝ።"

"ስንት ይሆናል?"

"ኧረ ቤት ሙሉ ነው!"

ሰውዬው ምራቁን ሲውጥ በስልክ ተሰማኝ።

"እውነተኞቹ የድሮዎቹ ናቸው?"

"ከድሮም የድሮ! ዛሬ እንዲህ ያለ ማን ይሠራል ብለህ ነው?"

"አፌ ቁርጥ ይበልልህ! የዛሬዎቹ እኮ..."

"ቆርቆሮ ናቸው!" አልኩት።

"ቆርቆሮ!" አለኝ በደስታ። "ልክ ብለሃል፣ ድምፃቸው ራሱ ቆርቆሮ ነው! ያንተዎቹስ ድምፅ እንዴት ነው? አይንሿሿም?"

"ምን ይንሿሿል? በጣትህ ስታንኳኳው ጥርት ብሎ ይጮሃል።"

"በጣትህ አታንኳኳው!" ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ፦ "ይቅርታ ወንድሜ... ሁለቱም ፊት ደህና ነው?"

"አንደኛው ፊት ትንሽ ሸብቷል፤ ሁለተኛው እንደ አዲስ ነው።"

"የማን የማን አለ?"

"የአማቴ ብቻ ነው። እማማ ዘነበች ይባላሉ።"

"አላውቃቸውም... ዝነኛ ነበሩ?"

"ሰበታ ውስጥ የማያውቃቸው የለም!"

እናንተ ነገሩ ገብቷችኋል አይደል? እኔ ግን አልገባኝም። እንዲያውም "እንዴት ያለ ሸክላ አዋቂ ነው!" እያልኩ ነበር።

"የት ነው ያስቀመጥከው ግን?"

"የት ይቀመጣል? ጣሪያ ላይ ነዋ!"

"ጣሪያ ላይ?! ፀሐይ ላይ?!"

"ፀሐይም ዝናብም እርግብም..."

"በፈጠረህ አውርደው! ዛሬውኑ አውርደው! ይጣመማል እኮ! ሁሉንም እኔ እወስደዋለሁ፣ በዋጋ አንጣላም። ቀትር ላይ ከፒያሳ እነሳለሁ። ስደርስ ግን ጣሪያ ላይ ካገኘሁት አልነካውም!"

ይህን ሁሉ ዘመን ፀሐይ ላይ ከርሞ ያልተጣመመ ሸክላ ዛሬ እንዴት ይጣመማል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ሆኖም "ሁሉንም እወስደዋለሁ" የሚለው ቃል ጆሮዬን ደፈነው። ሰናይት ሥራ ሄዳለች፣ እማማ ዘነበች ተፍኪ ለቅሶ ሄደዋል፣ የሚከለክለኝ የለም። ታምራትን ከነረዳቶቹ ጠራሁት።

"ጋሼ፣ ቆርቆሮው ሐሙስ ነው የሚደርሰው" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ዛሬ ማክሰኞ ነው።"

"አውቃለሁ አልኩህ እኮ! አውርድ!"

"እንግዲህ ጌታ ይርዳን" ብሎ መዝሙሩን እያንጎራጎረ ወጣ። ቀትር ላይ ቤታችን ራሱን ተላጭቶ አጥንቱ ቀረ። ማገሩና ወራጁ ገጦ ታየ፤ ከሥሩ ያለው የአቡጀዲ ኮርኒስ ብቻ ነው።

ይህን ጊዜ ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ የእድራችን ንብረት ያዥም ናቸው። ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ጣሪያችን አዩ፣ ወደ እኔ አዩ።

"ሮብኒ ዱፋ ጂራ!" አሉኝ።

የእኔ ኦሮምኛ ከገበያ አያልፍም፤ ያውም ከሽንኩርት ተራ። "ዱፋ ጂራ" እየመጣ ነው ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሮብ ደግሞ ሮብ ነው!

"ኤዬ፣ ኦቦ!" አልኳቸው እየሳቅሁ። "ዛሬ ማክሰኞ አይደል? ሮብማ ይመጣል እንጂ የት ይቀራል!"

ኦቦ ቱፋ ትክ ብለው አዩኝ። "ጤና ይስጥህ ልጄ" ብለው ገቡ።

የፒያሳው ሰውዬ ደረሰ። ከመኪናው ሲወርድ ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቋል፣ የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ አንጥፏል። "ሸክላ በብርድ ልብስ! እውነትም አክባሪ ሰው" አልኩ በልቤ።

"የታሉ?"

አጥሩ ሥር የተቆለለውን አሳየሁት። ክምሩን አየው። የክምሩን ኋላ ዞሮ አየ።

"ሸክላዎቹን ነው የምልህ።"

"እነሱ ናቸዋ!"

አንዱን በጓንቱ አነሳና ገለበጠው። አረንጓዴው ሽበት ነጩ ጓንት ላይ ቀረ።

"ይሄ... ጣሪያ ነው" አለኝ በቀጭን ድምፅ።

"እስከ ዛሬ ጠዋት ነበረ።"

"ወንድሜ! እኔ የምሰበስበው የዘፈን ሸክላ ነው! ያ ጥቁር ክቡን! በመርፌ የሚዘፍነውን!" ከዚያ የመጨረሻ ተስፋውን ይዞ፦ "ሰበታ ውስጥ የማያውቃቸው የለም ያልከኝ እማማ ዘነበችስ?"

"አማቴ ናቸው... በእድር ነው የሚታወቁት።"

ይህ ሁሉ ቋንቋ ያለን ሕዝቦች ለሚከደነውና ለሚዘፈነው ሸክላ ሁለት ቃል ማዘጋጀት ምን ነበረበት? ይህንን እያሰላሰልኩ ሳለ አናቴ ላይ "ጠብ!" አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ አፍ ማምለጡን ከሰውዬው ፊት አወቅሁ፤ ራሴ መመለጡን ደግሞ በዚያች ጠብታ። ፀጉር ያለውን ሰው የመጀመሪያዋ ጠብታ አትሰማውም!

ለካስ በኦሮምኛ "ሮባ" ማለት ዝናብ ነው! ኦቦ ቱፋ "ዝናብ እየመጣ ነው" ነበር ያሉኝ። ሮብ ሳይመጣ ሮባ መጣ!

"የእማማ አልጋ!" ብዬ ጮህኩ። ሰማዩ እንደ ተቀደደ ጆንያ ይወርዳል። ኦቦ ቱፋ ነገሩን አይተው ኖሮ "ድንኳኑን! የእድሩን ድንኳን!" እያሉ መጡ። ታምራት አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ አንዱን፣ የፒያሳው ሰውዬም እግዜር ይስጠውና በነጭ ጓንቱ አንዱን ይዞ ወጣ፤ ድንኳኑን ጣሪያው ላይ ዘረጋነው። ጎበዞች ነን አልኩ። የረሳነው ነገር ቢኖር የእድር ድንኳን ሲዘረጋ ሰፈሩ ምን እንደሚያስብ ነው። ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከች አሉ። "ማን ነው? መቼ ነው?" ይላሉ። አንዷ መልሱን እንኳ ሳትጠብቅ ማልቀስ ጀመረች።

በዚህ መሃል ነው እማማ ዘነበች ከተፍኪ ለቅሶ ተመልሰው ከባጃጅ የወረዱት። አስቡት... ከሰው ለቅሶ ሲመለሱ የገዛ ቤታቸው ላይ የእድር ድንኳን ተዘርግቶ፣ ሰፈሩ ቆሞ!

"ወይኔ! ወይኔ ቤቴን! ማን ሞተብኝ? ሰናይትን ነው? ወይስ ያን ልጅ ነው?"

ያ ልጅ እኔ ነኝ።

"እማማ፣ አልሞትኩም!" አልኳቸው ከላይ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ታዲያ እላይ ቤት ምን ትሠራለህ?!"

ነገሩ ሲገባቸው ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ወደ ውስጥ ገቡ። ውጭ ዘነበ፣ ውስጥ ዘነበች! በወራጁ መካከል ጆሮዬን ጣል ባደርግ ከመኝታ ክፍላቸው ስልክ ሲያወሩ ሰማሁ።

"ግርማ፣ ልጄ... ና ውሰደኝ። አልጋዬ ረጠበ።"

ወገኖቼ፣ ልቤ ስብር አለ። ከዝናቡ ይልቅ ያቺ "ና ውሰደኝ" አበሰበሰችኝ። ቢያንስ ሌላ ጠብታ አይጨመር ብዬ ዞር ስል፣ ድንኳኑ ልክ በክፍላቸው አናት ላይ ውሃ አቁሮ ሆዱ ተነፍቷል። መጥረጊያ ይዤ ውሃውን ልገፋ በማገሩ ላይ መዳህ ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ ቀስ! እንጨቱን ብቻ ይርገጡ!" አለኝ ታምራት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ግን ለመልቀምም አልበቃሁ። እግሬ ከማገሩ ተንሸራተተ፤ "ሸርርርጥ" የሚል የአቡጀዲ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ እኔ፣ መጥረጊያው፣ ድንኳኑ ያቆረው ውሃ በሙሉና የስንት ዓመት አቧራ አንድ ላይ እማማ ዘነበች አልጋ ላይ አረፍን።

እሳቸው አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው። ጓዛቸው በፌስታል ተቋጥሮ እግራቸው ሥር ነው። ኮርኒሱ ላይ የተከፈተውን ቀዳዳ አዩ፤ እኔን አዩ። በቀዳዳው በኩል አንድ ነጭ ጓንት፣ ቀጥሎም የፒያሳው ሰውዬ ፊት ብቅ አለ።

"አልተሰነጠቀም?" ሲል ጠየቀ።

እማማ ዘነበች ከንፈራቸውን ነከሱ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብዬ ልነሳ ስል...

"ይህ ቤት ውሃ ሲያፈስ ኖሯል" አሉ፤ "አማች ሲያፈስ ግን ዛሬ ገና አየሁ!"

ከዚያ ሳቁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ሳቁ፤ እኔም ተኝቼ ሳቅሁ፤ ለለቅሶ የመጣው ሰፈር ውጭ ቆሞ "ምን ዓይነት ሐዘን ነው?" ይላል።

ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ስልካቸው ጮኸ። ግርማ ነው፤ ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

"እማማ፣ ከሱሉልታ ተነስቻለሁ። ዕቃዎን ያዘጋጁ።"

"ተመለስ ልጄ። ትቼዋለሁ።"

"እንዴት ይተዉታል? አልጋዎ ረጥቦ የለም እንዴ? የእኔ ቤት እኮ ጠብ አይልም እማማ፣ ደረቅ ነው!"

እማማ ዘነበች አልጋቸው ላይ የተዘረረውን አማቻቸውን ከእግር እስከ ራስ ተመለከቱና፣

"ደረቅነቱንማ መች አጣሁት፣ ልጄ" አሉ። "ቤቱም... ባለቤቱም!"