እስከ ሃያ መቁጠር

ሳቢራ ሰባኛውን ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ ጠርዙን አስተካከለችና በስቴፕለር መታችው። ሽፋኑ «ሴት ሥራ ፈላጊዎች በደመወዝ ድርድር ወቅት ሊከተሏቸው የሚገቡ ዘዴዎች» ይላል። የተየበችው እሷ ናት፤ ያባዛችውም እሷ ናት። ከሮቢት ወደ ቆቦ እየተመላለሰች፣ በቀን ሂሳብ እየተከፈላት ስትተይብ ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሁለት ነው። መሥሪያ ቤቱ የሴቶችን የመደራደር አቅም ለመገንባት ቆርጦ ተነስቷል። ለአሠልጣኝነት ሴት ተፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሴቶች አንዷ ወሊድ ላይ ናት፤ ሌላዋ ሳቢራ ደግሞ ጽሑፉን በማባዛት ተይዛለች። ስለዚህ ኃላፊው አቶ አላምረው የሴቶችን ሸክም በወንድ ትከሻቸው ተሸከሙ፤ የአሠልጣኝ አበሉንም ሳያጉረመርሙ አብረው ተሸከሙት።

«እህቶቼ!» አሉ አዳራሹ ውስጥ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ቀጣሪው ቁጥር ሲጠራ ቶሎ አትመልሱ! በልባችሁ እስከ ሃያ ቁጠሩ። ዝምታ ጉልበት ነው! ቀጣሪው ይጨነቃል፤ ተጨንቆም ራሱ ይጨምራል!»

ተጨበጨበ። ሳቢራ በሩ ሥር ቆማ የታሸገ ውሃ እያደለች ሰማች። ስሟ የሠልጣኞች መዝገብ ላይ አልነበረም።

በማግሥቱ የራሷ ጉዳይ ቀረበ። ሰሌዳው ላይ «የሥራ መደብ፦ ጸሐፊ፤ ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚል ማስታወቂያ ከወጣ ወር አልፎታል፤ ፈተናውንም አንደኛ ሆና አልፋለች። የቀረችው «በስምምነት» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። ሳቢራ ከዚች ቃል የምትፈልገው ቆቦ ውስጥ አንዲት የኪራይ ክፍል ነው፤ በየማለዳው ሮቢት መንገድ ዳር ቆሞ ሚኒባስ መለመን በቅቷታል። ለመደቡ ከስድስት መቶ አርባ እስከ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ብር እንደተፈቀደ ታውቃለች፤ የበጀቱን ደብዳቤም የተየበችው እሷ ናትና። በስድስት መቶ አርባው ግን ክፍሏን ብትከራይ የምትበላው አይተርፋትም።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ሰብሳቢው አቶ አላምረው፣ የፋይናንሱ ጋሽ በድረዲንና ቃለ ጉባኤ ያዡ አቶ ገብረ ማርያም።

«ስድስት መቶ አርባ» አሉ አቶ አላምረው።

ሳቢራ በልቧ መቁጠር ጀመረች። አሥራ አንድ ላይ ስትደርስ ጋሽ በድረዲን ፋይሉን ከደኑ።

«ማሻ አላህ! ተስማምታለች።»

«ምን አለች?» አሉ አቶ ገብረ ማርያም።

«ምንም አላለችም። በኛ ኒካህ ሲታሰር፣ ልጅቱ ተጠይቃ ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው።»

«በኛም ያው ነው» አሉ አቶ ገብረ ማርያም እየጻፉ። «ልጅቱ አትጠየቅም እንጂ ብትጠየቅ ዝም ማለቷ አይቀርም።»

የራያ መቻቻል ማለት ይኼ ነው፤ ሁለት ሃይማኖት በአንዲት ልጅ ዝምታ ላይ ያለ አንዳች ክርክር ተስማማ።

«ኧረ አልተስማማሁም!» አለች ሳቢራ። «እየቆጠርኩ ነበር። የምጠይቀው ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ነው።»

«ምኑን ነው የምትቆጥሪው?»

«እስከ ሃያ። ትናንት እርስዎ ያሉትን።»

«እሱ ለሠልጣኞች ነው!» አሉ አቶ አላምረው። «አንቺ ውሃ አዳይ ነበርሽ።»

«አብሽሪ ልጄ» አሉ ጋሽ በድረዲን። «ሌላ ጊዜ ይጨመርልሻል።»

«መቼ?»

«ሌላ ጊዜ ነዋ!»

አቶ ገብረ ማርያም ወረቀቱን ዘረጉላት። «በቃ፣ ተጽፏል። ወስደሽ ተይቢውና ይነበብልን፤ ከዚያ እንፈርማለን።»

ሌላ የሚተይብ ሰው ስላልነበረ ሳቢራ የራሷን ሽንፈት ልትተይብ ወጣች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወረቀቷንና ስቴፕለሯን ይዛ ተመለሰች። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተገኙ አባላትን ጮክ ብላ አነበበች። «አመልካቿ ስድስት መቶ አርባ ብር አልቀበልም ብላ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ጠይቃለች። ኮሚቴውም ጥያቄዋን ሰምቶ...» እዚህ ላይ አቆመች፤ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

አቶ አላምረው፣ ጋሽ በድረዲን እስኪቃወሙ ጠበቁ። ጋሽ በድረዲን፣ ሰብሳቢ ተቀምጦ ቀድሞ መናገር ነውር መሰላቸው። አቶ ገብረ ማርያም የሚናገር ሰው ሲገኝ ለመጻፍ እስክሪብቷቸውን አዘጋጁ። ከውጭ የአላማጣ አውቶቡስ ጡሩንባውን ነፍቶ አለፈ።

ሳቢራ እስከ ሃያ ቆጠረች። ቅር እንዳይላቸው ሃያ አንድንም ጨመረች።

«...በዝምታ ተስማምቷል» ብላ ንባቧን ጨረሰች።

«እንዴ! እኛ እኮ ምንም አላልንም!» አሉ አቶ አላምረው።

«አዎ፣ ምንም አላላችሁም።» ወደ ጋሽ በድረዲን ዞረች። «ጋሼ፣ ኒካህ ከታሰረ በኋላ ‹ምንም አላልኩም› ቢባል ይፈርሳል እንዴ?»

ጋሽ በድረዲን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ወላሂ አይፈርስም! ይዛናለች!» አሉና ቀድመው ፈረሙ። አቶ ገብረ ማርያም ተከተሉ። አቶ አላምረው እስክሪብቶውን አንስተው ጥቂት አሰቡና በድንገት ፊታቸው በራ፤ ወልድያ ላለው የዞን ቢሮ ለሚላከው ሪፖርት የሥልጠናውን ውጤት ሲፈልጉ ነው የሰነበቱት።

«ጻፊ!» አሉ እየፈረሙ። «‹በአሠልጣኙ ብርቱ ጥረት የሠልጣኝ ደመወዝ ከግማሽ በላይ አድጓል።›»

«የትኛዋ ሠልጣኝ? እኔ እንደሁ መዝገቡ ላይ የለሁም።»

«ታዲያ ስምሽን ጨምሪያ! ምን ያስቸግራል?»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሠልጣኞች መዝገብ ስባ ሰባ አንደኛው ተራ ላይ ስሟን ጻፈች። ከስሟ ጎን ያለውን ባዶ የአበል ሣጥን በጣቷ እያሳየች፣ «የሠልጣኝ አበሌስ?» አለች።

አቶ አላምረው ዝም አሉ።

ሳቢራ ዝምታቸውን ሳታቋርጥ የቃለ ጉባኤውን ገጾች አስተካክላ በስቴፕለር መታቻቸው፤ ስቴፕለሩንም ጠረጴዛው ዳር አኖረችው። ሃያ ሞልቶ ነበር።