ጥርሱ የሚወልቅ ብረት

«ጥርሱ የሚወልቅ በሬ በነጻ ቢሰጡህ ትወስዳለህ?» ይላሉ ጋሽ ይመር። «እኔ ስለ በሬ አላወራሁም፤ ስለ ብረት ነው የማወራው» ይላሉ ሐጂ ሰይድ። «በሬም ሆነ ብረት ሥራው መሬት መግፋት ነው፤ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?» ይላሉ ጋሽ ይመር መልሰው። ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ካለ አንድ ብየዳ ቤት በር ላይ ቆመን ይህ ክርክር ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ወጣት ነው፤ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ያያል። በመካከላቸው መሬት ላይ የተጋደመው በሬ አልነበረም። ከትራክተር ኋላ ታስሮ የመንገድ አፈር የሚፍቅ፣ ጉድጓድ የሚደፍንና የሚያስተካክል ሰፊ ብረት ነው። እኛ መደልደያ እንለዋለን።

ሰው የማያውቀውን ነገር እንዲመርጥ ሲላክ ምን ይመርጣል? የሚያውቀውን ይመርጣል። ልብስ ሰፊ ቤት እንዲያይላችሁ ብትልኩት የመጋረጃውን ስፌት አይቶ ይመለሳል፤ ጣሪያው ቢያፈስ የእሱ ጉዳይ አይደለም። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ኮሚቴ ሲያዋቅር ግን ሁሉም ሰው ይረሳዋል።

የሰፈራችን ቅሬ፣ ማለትም ሙት የምንቀብርበትና ድንኳንና ድስት የምንዋዋስበት ማኅበር፣ መደልደያ እንዲመርጡ የሾማቸው እነዚህን ሁለት ሰዎች ነው። ጋሽ ይመር በውጫሌ ገበያ በሬ በመገመት ስማቸው የታወቀ ነው። ጅራቱን ቀና፣ ከንፈሩን ገለጥ አድርገው የበሬውን ዕድሜና አመል፣ አልፎም የቀድሞ ጌታውን ጸባይ ይናገራሉ። ሐጂ ሰይድ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ከአላህ ቀጥሎ የሚያምኑት ሚዛንን ነው። አንድ ክርስቲያን፣ አንድ እስላም፤ ቅሬያችን በዚህ በኩል አይታማም። ብረት የሚያውቅ ሰው ግን የየትኛው ሃይማኖት ድርሻ እንደሆነ ስላልተወሰነ ሳይመረጥ ቀረ።

ብረት የሚያውቅ ሰው አጥተን ነው? አላጣንም። ሙሄ አለ። የሰፈራችን ገበሬዎች በማኅበር የገዙትን ትንሽ ትራክተር የሚነዳው እሱ ነው። በስብሰባው ላይ እጁን አውጥቶ «ከትራክተሩ ጋር የሚስማማውን እኔ ሄጄ ልምረጥላችሁ» ቢል፣ ጋሽ ይመር «ሞፈር ሲመረጥ በሬ ይጠየቃል እንዴ?» አሉ። ስብሰባው ሳቀ፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ። ሙሄ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሁለት ልጆች ወልዷል። እኛ ሰፈር ግን ልጅ ነው፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለው ተረት ደግሞ እኛ ሰፈር ሕግ ነው።

እኔ ከእነዚህ ትልልቅ ሰዎች ጋር ምን አደርግ ነበር? የትራክተሩ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ነው። ሙሄ መጽሐፉን ይዞ እኛ ቤት ይመጣና እኔ ቃል በቃል እያነበብኩ እነግረዋለሁ። መጽሐፉ የትራክተሩ የኋላ ማንሻ ከሦስት ኩንታል በላይ እንደማይሸከም ይናገራል። ከዚያ ካለፈ ፊቱ ከመሬት ይነሳል ይላል። ሙሄ ይህን ሲሰማ ብዙ አሰበ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን «ዘንድሮ ያለ መጽሐፍ ዕቃ አይገዛም፤ ልጅቷን ይዛችኋት ሂዱ» ብሎ አሳመናቸው። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ፣ «ሌላ ምንም አትበይ። ከሦስት ኩንታል አይለፍ፣ ይችን ብቻ። እኔን ንቀውኛል፤ መጽሐፍ ግን አይንቁም» አለኝ።

ነገሩ ከማንም በላይ የእኔ ነበር። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ሰፈራችን የሚወጣውን መንገድ ክረምቱ ቦርቡሮት፣ ባጃጅ ተገልብጦበት፣ ባለ ባጃጁ «መንገዱ ካልተደለደለ ሁለተኛ አልመጣም» ብሎ ምሎ ሄዷል። እኔ አሥረኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ አሥራ አንደኛ ያለው ሐይቅ ነው። አባባ የማይናወጥ ቃል ሰጥቶኛል። ባጃጅ ከመጣ እማራለሁ። ካልመጣ ሴት ልጁ ጎህ ሳይቀድ በዚያ ገደል ስትወርድ አያይም፤ ሐይቅ ቤት ተከራይታ ስትኖርም አያይም። ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በእኔና በአሥራ አንደኛ ክፍል መካከል አንድ ብረት ነው ያለው።

እንዲህ ያለባት ልጅ ትጮሃለች ትሉ ይሆናል። እኔ ግን በሚኒባስ ስሄድ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሌላ ሰው እስኪወርድ የምጠብቅ ነኝ። ማንም ካልወረደ ውጫሌ ድረስ ሄጄ በሌላ መኪና እመለሳለሁ። ወላጆቼ ይህን አያውቁም፤ ስዘገይ ጥናት ላይ የቆየሁ ይመስላቸዋል።

የመጀመሪያውን መደልደያ ያየነው ውጫሌ ነው። ቀይ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ዋጋው ርካሽ ነው። ሐጂ ሰይድ አንዱን ጫፍ በአንድ እጃቸው ብድግ አድርገው «ይህማ የቆርቆሮ በር ነው» አሉ። ልክ ነበሩ። በዚያ ቀን ልክ የሆኑት በዚህ ብቻ ስለሆነ መመስገን ይገባቸዋል።

ሁለተኛው ይህ የብየዳ ቤቱ ወጣት የሠራው ነው። ሁለት ኩንታል ተኩል ይመዝናል፤ ዋጋውም ከያዝነው ብር አይበልጥም። አካሉ ወፍራም ብረት ሆኖ፣ መሬት የሚፍቀው ከንፈሩ ላይ ጠንካራ ለብቻው የሆነ ብረት በቡሎን ታስሯል። ሳየው ልቤ ደነገጠ። ሙሄ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ጋሽ ይመር ቁጢጥ ብለው ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካኩ፤ ይህ ለምን እንደታሰረ ጠየቁ። ወጣቱ በትሕትና አስረዳ። ድንጋይ ከንፈሩን ይበላዋል፤ ሲበላው ፈታችሁ ትገለብጡታላችሁ፤ በሁለቱም በኩል ሲያልቅ ሌላ ትገዛላችሁ፤ ዋናው አካል ግን ለልጅ ልጆቻችሁ ይተርፋል አለ።

ጋሽ ይመር ቀስ ብለው ተነሡ። «ዕቃውን ሲሸጥ ስለ ማርጀቱ የሚያወራ ነጋዴ በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ። ምስኪን ወጣት፤ እውነት ተናግሮ ሞተ። ሐጂ ሰይድም ለዚህ ብረት ጠበቃ ሆነው የሚከራከሩ እንዳይመስላችሁ። እሳቸውም አልወደዱትም። በዚህ ሁሉ ብር ሁለት ኩንታል ተኩል ብቻ ማለት ለእሳቸው ስርቆት ነው። ግማሽ ሰዓት የተከራከሩት እንግዲህ ለምን እንደጠሉት ነው። አንዱ ጥርሱ ስለሚወልቅ፣ ሌላው ስለሚቀል። ሁለት ሰዎች ተስማምተው እንዲህ ሲጣሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወጣቱ በመጨረሻ «አባቶቼ፣ ትራክተራችሁ ጉልበቱ ስንት ነው?» አለ። በዚያ ቀን ስለ ትራክተሩ የጠየቀ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ በሬ ሊገዛ የመጣን ሰው ሚስትህ ስንት ዓመቷ ነው ብሎ የጠየቀ ያህል አዩት። እኔ አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት የሐጂ ሰይድ ስልክ ጮኸና አፌን ዘጋሁ። ተናድጄ ነው እንዳልላችሁ፣ እፎይ ነው ያልኩት።

ሦስተኛው ሻጭ አቶ ጌታሁን ወደ ሐይቁ መውረጃ ላይ ሰፊ ግቢ አላቸው። ብልህ ሰው ናቸው። ብረት አላሳዩንም፤ ምሳ ነው ያሳዩን። በሬ ወይም ፍየል ቢሆን በማን እጅ ታረደ ተብሎ ኮሚቴው ለሁለት ይከፈል ነበር። ዓሣ ግን የማንንም እጅ አይጠይቅም። ቆሮሶ ተጠብሶ በትልቅ ሳህን መጣ፤ በልተን ሳንጨርስ ሌላ ተደገመ። አቶ ጌታሁን ስለ ብረት አንድም ነገር አልተነፈሱም። የጋሽ ይመርን ዘመዶች በስም እየጠሩ ጤና ጠየቁ፤ ከሐጂ ሰይድ ጋር ስለ ዘንድሮ ማሽላ ተወያዩ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚለው ተረት፣ የበሬ አዋቂዎች ለበሬ ብቻ የተነገረ ይመስላቸዋል።

እጃችንን ታጥበን ወደ ጓሮ ስንገባ መደልደያው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከአሮጌ ከባድ መኪና ሻሲ ተቆርጦ የተበየደ፣ ውፍረቱ መዳፍ የሚያህል፣ አንድም ቡሎን የሌለው ጥቁር ነገር ነው። ጋሽ ይመር ከሌሎቹ ብረቶች ፊት ቁጢጥ ብለው፣ አንኳኩተው፣ ጎንበስ ቀና ብለው ነበር። እዚህ ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። የሰው ዓሣ በልቶ የሰውን ብረት ማንኳኳት ነውር ነዋ! ይልቅ «ጥርሱ ከመንጋጋው ጋር የተፈጠረ» ብለው አሞገሱት። ሐጂ ሰይድ ክብደቱን ጠየቁ። አምስት ኩንታል ተኩል ነው ሲባሉ «ማሻ አላህ» አሉ፤ ዋጋውን በኩንታል አካፍለው ሲያስቡት ከሦስቱም ርካሽ ሆኖ አገኙት። ብረት እንደ ጤፍ የሚገዛበት አገር የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ጋሽ ይመርን ድንገት ትዝ አልኳቸው። «አንች ልጅ፣ እስቲ መጽሐፉ ምን ይላል?» አሉ።

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። መጽሐፉ እጄ ላይ ነው፤ ገጹን አውቀዋለሁ። የዓሣው አጥንት ገና ከጥርሴ መሐል አልወጣም። አቶ ጌታሁን ፈገግ ብለው «ንገሪን እንጂ ልጄ» አሉ። የሦስት ቃል ነገር ነው፦ ከሦስት ኩንታል አይለፍ።

«እንደ እናንተው ነው የሚለው» አልኩ።

ጋሽ ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈረንጅም አንዳንዴ ልብ ይገዛል» አሉና ብር ቆጠሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ መንገዱ አፍ ላይ ወጣ። ቄሱ ባረኩ፣ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ አሜንና አሚን ተደባለቀ። ሙሄ ብረቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ስንት እንደሚመዝን ጠየቀ፤ ሐጂ ሰይድ በኩራት ነገሩት። «ይህን አይችለውም፤ ፊቱ ይነሳል» አለ። ጋሽ ይመር «እሰር ተባልህ እንጂ መዝን መች ተባልህ?» አሉት። ሙሄ በዓይኑ ሰው መሐል ፈለገኝ። እኔ ሰፋ ካሉ አንዲት ሴትዮ ጀርባ ቆሜ ነበር።

አሰረው። ማንሻውን ሲስበው ብረቱ ካለበት ንቅንቅ ሳይል የትራክተሩ የፊት ጎማዎች እንደ ጥምቀት ፈረስ ወደ ሰማይ ተነሡ። ሴቶቹ ሥራው እንዲህ የሚጀመር መስሏቸው እልል አሉ። ጋሽ ይመር «ጥሩ በሬ የመጀመሪያ ቀን ይፈነጫል» ብለው ሰውን አረጋጉ። ሙሄ ማንሻውን መልሶ፣ ብረቱ ይቀየር ብሎ ለመነ። ኮሚቴው ግን መፍትሔ አግኝቶ ነበር። ፊቱ ከቀለለ ፊቱ ላይ ክብደት ይቀመጣል። ሐጂ ሰይድ ሰውነታቸው ሞላ ያለ ስለሆነ ቀድመው ወጡ፤ ጋሽ ይመር በዕድሜ እበልጣለሁ ብለው ከፊታቸው ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አፍንጫው ላይ ተቃቅፈው ሲቀመጡ ጎማዎቹ መሬት ነኩ። በምርጫው ሁሉ ኮሚቴው አንድ የሚረባ ነገር ቢያደርግ ይህ ነበር፤ መመዘን።

ትራክተሩ አሥር እርምጃ ያህል ሄደ። ብረቱ አንድ ትልቅ ድንጋይ ያዘ፤ ከኋላ የሆነ ነገር ጧ አለና የዘይት ቱቦው ፈንድቶ መንገዱ ላይም ሽማግሌዎቹ ላይም ተረጨ። መደልደያው ወድቆ በጠባቡ መንገድ ላይ አግድም ተጋደመ። ሽማግሌዎቹን አውርደው ዘይት ሲጠርጉላቸው፣ ከገበያ የሚመለስ አንድ ሰው አህያውን ይዞ መጥቶ ማለፊያ አጣ። እስከዚያ ቀን ባጃጅ ብቻ ነበር የማይገባው።

ሙሄ ወርዶ ቱቦውን አየ፤ ማንሻውን አየ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደና ዝግ ባለ ድምፅ «መጽሐፉን ይዛ አብራችሁ የሄደች ልጅ አልነበረችም ወይ? አልነገረቻችሁም?» አለ።

«እንዴታ!» አሉ ሐጂ ሰይድ። «ጠየቅናት እኮ። መጽሐፉ እንደ እናንተው ነው የሚለው አለችን፤ ወላሂ። ያሳሳተን መጽሐፉ ነው።»

«እሷን ደግሞ ነገር ውስጥ አታግባት» አሉ ጋሽ ይመር። «ጨዋ ልጅ ናት። ትልቅ ሰው ፊት ድምጿን አታሰማም።»

ሰፋ ያሉት ሴትዮ ጨዋዋ ልጅ ማን እንደሆነች ለማየት ዘወር ሲሉ ከጀርባቸው እኔ ብቻዬን ቀረሁ። አባባም ከማዶ ቆሞ እያየኝ ነበር፤ እንደተመሰገንኩ ሰምቶ ደስ ብሎታል። ሙሄ ዞሮ አየኝ። እንድናገር ጠበቀኝ፤ ከሚገባኝ በላይ ጠበቀኝ። እኔ ዘይቱ ቁልቁል ሲወርድ አየሁ።

ሙሄ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ብረቱን ተሻግሮ፣ አህያውን በጎን አልፎ ወደ አስፋልቱ ወረደ።